የእንግሊዝኛ ግሦች ስንት ናቸው? 24 ሺህ ወይስ 12?

በዚህ እትም የቋንቋ ዓምዳችን የሚያነሳው ጉዳይ ከማታው ክፍል የመጣ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ተርም አንድ ተማሪ ትምህርት ካለቀ በኋላ ቀረና አንድ ወፍራም ደብተር አሳየኝ። ደብተሩ በሙሉ በእንግሊዝኛ ግሦች ተሞልቷል። ከመዝገበ ቃላት ላይ በፊደል ተራ እየገለበጠ በቀን 30 ግሥ ይሸመድዳል። ያን ሁሉ ለፍቶ ገና ሦስተኛው ፊደል ላይ ነው። «ቲቸር፣ የእንግሊዝኛ ግሥ ጠቅላላው ስንት ነው? መቼ እንደምጨርስ ልወቀው» አለኝ።

ይኸው ልጅ ትንሽ ቀደም ብሎ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። በማመልከቻው ላይ «አይ ሊቭድ ኢን ዚስ ካምፕ ፎር ናይን ይርስ» ብሏል። ወረቀቱን ያነበበው ሰው «ታዲያ ከካምፑ የወጣኸው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ደነገጠ፤ ከካምፑ ወጥቶ አያውቅማ! ብዙ ግሥ ያውቃል፤ የጎደለችው አንዲት ትንሽ ግሥ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ወደ መጨረሻው ላይ እናያለን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በራሳችን ፊደል የጻፍናቸው አነባበባቸውን ለማሳየት ነው። እናንተ በደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ለመሆኑ ቁጥሩ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም 20 ጥራዝ ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩ 171,476 ቃላት ተመዝግበውበታል። ከእነዚህም ግማሽ የሚበልጡት ስሞች ናቸው፤ ግሦች ከሰባት አንድ ያህል ናቸው። 171,476ን ለሰባት ስናካፍል ወደ 24,500 ይደርሳል። ተማሪያችን በቀን 30 ቢያጠና፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጥና አንድም ሳይረሳ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው።

ያም ሆኖ አይጨርስም። ምክንያቱም ቁጥሩ ቆሞ አይጠብቅም። እንግሊዝኛ ስምን እንዳለ ወስዶ ግሥ ያደርጋል። «ዋተር» ውኃ ነው፤ «ዋተር ዘ ትሪስ» ሲባል ግን «ዛፎቹን ውኃ አጠጣ» ነው። «ኪው» ሰልፍ ነው፤ «ዊ ኪው ፎር ዋተር» ስንል ደግሞ «ለውኃ እንሰለፋለን» ማለታችን ነው። «ጉግል» የድርጅት ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግሥ ሆኖ ገባ። እኛም በአማርኛ «ኮፒ አደረገ»፣ «ቻርጅ አደረገ» እያልን አዲስ ግሥ እንፈጥር የለ? እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ግሦችን ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው የለም። ግን መጨረስም አያስፈልግም። ለምን?

የማያልቀው ክፍልና የሚያልቀው ክፍል

የእንግሊዝኛ ግሦች በመጀመሪያ በሁለት ይከፈላሉ፦ ዋና ግሦችና ረዳት ግሦች። ዋና ግሥ ድርጊቱን ወይም ሁኔታውን ይናገራል፤ መብላት፣ መጻፍ፣ ማወቅ፣ መሸከም። ያ 24 ሺህ የሚሆነው፣ በየጊዜው የሚጨምረው ይህ ክፍል ነው። ረዳት ግሥ ደግሞ ጊዜውን፣ ጥያቄውን፣ አሉታውን፣ መቻሉንና ግዴታውን ይሸከማል። ረዳት ግሦች 12 ብቻ ናቸው። ሦስቱ «ቢ»፣ «ሀቭ» እና «ዱ» ናቸው። ዘጠኙ ደግሞ «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ መስት» ናቸው። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት «ኦት ቱ» እና «ዩዝድ ቱ»ን የመሳሰሉ ጥቂቶች ይጨምራሉ፤ ዋናዎቹ ግን እነዚህ 12 ናቸው።

ልብ በሉ፦ አንድ ዋና ግሥ ብትረሱ በሌላ ቃል ወይም በእጃችሁ ምልክት ትግባባላችሁ። «መሸከም» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ባታውቁ እንኳ ጀሪካኑን አንስታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። «ድሮ ነበር፣ አሁን ግን የለም» የሚለውን ግን በእጅ ማሳየት ያስቸግራል። ያን የሚናገሩት ትንንሾቹ ናቸው።

አንድ የአማርኛ ቃል፣ አምስት የእንግሊዝኛ ቃል

«አልነገርኳቸውም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ይሆናል፤ አምስት ቃል። የእኛ ግሥ ባለቤቱን (እኔ)፣ ተሳቢውን (እነሱን) እና አሉታውን (አል...ም) በአንድ ላይ አዝሎ ይሄዳል። የእንግሊዝኛው ግሥ ይህን ጭነት አይችልም፤ ለሌሎች ያከፋፍላል። ባለቤቱን «አይ»፣ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ»፣ አሉታውን «ኖት»፣ ተሳቢውን «ዜም» ይሸከማሉ። ለዋናው ግሥ ለ«ቴል» የቀረለት ትርጉሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገሮች እንማራለን።

አንደኛ፦ በእንግሊዝኛ ባለቤቱን መተው አይቻልም። በአማርኛ ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ እያልን ግሡ ራሱ ማን እንደሄደ ይነግረናል። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዌንት» ነው። ስለዚህ «የስተርደይ ዌንት ቱ ስኩል» ብቻ ካላችሁ ማን እንደሄደ አይታወቅም።

ሁለተኛ፦ ኃላፊ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል። «ዲድ» ካለ ጊዜው ተነግሯል፤ ዋናው ግሥ ወደ መነሻው ይመለሳል። «አይ ዲድ ኖት ኬም» ስህተት ነው፤ ትክክሉ «አይ ዲድ ኖት ካም» ነው። በየክፍሉ በብዛት የማርመው ስህተት ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥያቄ በድምፅ ብቻ አይሠራም። በአማርኛ «መጣ።» ብለን ድምፃችንን ከፍ ብናደርግ «መጣ?» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ረዳቱ ከባለቤቱ በፊት መምጣት አለበት፤ «ዲድ ሂ ካም?»። «ዋት ሂ ሴድ?» አይባልም፤ «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» ነው። ሌላ ረዳት ወይም «ቢ» በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ ግን «ዱ» አያስፈልግም፤ «አር ዩ ሬዲ?»፣ «ካን ዩ ካም?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሦስቱ፣ ማለትም «ቢ»፣ «ሀቭ» እና «ዱ»፣ አንዳንዴ ዋና ግሥም ይሆናሉ። «ሂ ዲድ ኖት ዱ ሂዝ ሆምወርክ» በሚለው ውስጥ «ዲድ» ረዳት ነው፤ «ዱ» ደግሞ ዋና ግሥ ነው። መልኩ ብዙ የሆነው «ቢ» ነው፤ ስምንት መልክ አለው፦ ቢ፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ወር፣ ቢን፣ ቢዪንግ። የሌሎቹ ግሦች መልክ ከአምስት አይበልጥም። ለምሳሌ ስፒክ፣ ስፒክስ፣ ስፖክ፣ ስፖክን፣ ስፒኪንግ። ከአማርኛ ግሥ ጋር ሲነጻጸር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ዘጠኙ

ዘጠኙ ረዳቶች ጸባያቸው አንድ ነው። መጨረሻቸው ላይ «ስ» አይጨመርም፤ ከኋላቸው «ቱ» አይገባም፤ ተከታያቸው ምንጊዜም መነሻ ግሥ ነው። «ሺ ካን ስፒክ» እንጂ «ሺ ካን ስፒክስ» ወይም «ሺ ካን ቱ ስፒክ» አይባልም።

ለእኛ ከዘጠኙ መካከል ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው «ዊል» ነው። «እሄዳለሁ» ስንል «ዘወትር እሄዳለሁ» ወይም «ነገ እሄዳለሁ» ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። «አይ ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ» የዘወትር ልማድ ነው፤ «አይ ዊል ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ» የወደፊት ነው።

አስቸጋሪዎቹ 200

ዋና ግሦች ደግሞ ኃላፊ ጊዜን በሚሠሩበት መንገድ በሁለት ይከፈላሉ፦ መደበኛና መደበኛ ያልሆኑ። መደበኛዎቹ በጽሑፍ «ኢ» እና «ዲ» የተባሉትን ሁለት ፊደላት መጨረሻቸው ላይ ይጨምራሉ። ሲነበቡ ግን ሦስት ድምፅ አላቸው። «ሊቭ» «ሊቭድ» ይሆናል፤ «ሄልፕ» «ሄልፕት» ይሆናል፤ «ዋንት» ደግሞ «ዋንቲድ» ይሆናል። ከ24 ሺህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ናቸው፤ አዲስ የሚገቡትም እንዲሁ። አንድ ሕግ ካወቃችሁ የሺዎቹን ኃላፊ ጊዜ አወቃችሁ።

መደበኛ ያልሆኑት ወደ 200 ገደማ ናቸው። ክፋቱ ግን በየቀኑ የምንጠቀምባቸው እነሱ መሆናቸው ነው፦ ሴይ፣ ጎ፣ ጌት፣ ሜክ፣ ኖው፣ ቲንክ፣ ቴክ፣ ሲ፣ ካም፣ ጊቭ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሰው በየቀኑ የሚናገረው ቃል አይረሳም፤ ስለዚህ ጥንታዊ መልኩን እንደያዘ ይቆያል። የ«ጎ» ኃላፊ «ዌንት» የሆነው «ዌንድ» ከሚባል ሌላ አሮጌ ግሥ ተወስዶ ነው። አያስገርማችሁ፤ እኛም «ነው» የሚለውን በኃላፊ «ነበር»፣ በትንቢት «ይሆናል» እንላለን። ሦስት የተለያዩ ቃላት! ያጠናው ሰው ግን የለም፤ በአፋችን ስለገባ ነው።

እነዚህን 200 በፊደል ተራ ሳይሆን በቤተሰብ አጥኗቸው፦

1. ምንም የማይለወጡ፦ ካት፣ ፑት፣ ሂት፣ ኮስት። «ሪድ»ም በጽሑፍ አይለወጥም፤ በንባብ ግን ኃላፊው «ሬድ» ነው።
2. ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ የሆኑ፦ ቲች፣ ቶት፣ ቶት፤ ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት፤ ሴል፣ ሶልድ፣ ሶልድ።
3. ሦስቱም የሚለያዩ፦ ራይት፣ ሮት፣ ሪተን፤ ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ፤ ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ።

በሳምንት አምስት ብታጠኑ 200ውን በ40 ሳምንት ትጨርሳላችሁ፤ ከትምህርት ዓመቱ እምብዛም አይበልጥም።

ግሡ ምን ይፈልጋል?

ዋና ግሦች ከኋላቸው በሚፈልጉት ነገርም ይለያያሉ። ተሻጋሪ ግሥ ተሳቢ ይፈልጋል፤ «አይ ካሪ ዋተር»። የማይሻገር ግሥ ብቻውን ይቆማል፤ «ዘ ቤቢ ስሌፕት»። አንዳንዱ ሁለት ተሳቢ ይይዛል፤ «ሺ ጌቭ ሚ ኤ ፔን»። አያያዥ ግሥ ደግሞ ባለቤቱን ከመግለጫው ጋር ያገናኛል፤ «ሂ ቢኬም ኤ ቲቸር»፣ «ዩ ሉክ ታየርድ»።

እኛን የሚያደናግረን አንድ ነገር አለ። በአማርኛ «ሰበረ» እና «ተሰበረ»፣ «ከፈተ» እና «ተከፈተ» የተለያየ መልክ አላቸው። በእንግሊዝኛ «አይ ብሮክ ዘ ካፕ» (ሰበርኩት) እና «ዘ ካፕ ብሮክ» (ተሰበረ) አንድ ግሥ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው በቦታ ነው። በእንግሊዝኛ የቃላት ቅደም ተከተል የማይነካ የሆነው ለዚህ ነው።

እንደገና፣ የድርጊት ግሥና የሁኔታ ግሥ አለ። ኖው፣ አንደርስታንድ፣ ዋንት፣ ቢሊቭ፣ አግሪ የሁኔታ ግሦች ናቸው። «አይ አም አንደርስታንዲንግ» አይባልም፤ «አይ አንደርስታንድ» ይበቃል። «አይ አም አግሪ» ደግሞ ጨርሶ ስህተት ነው፤ «አግሪ» ራሱ ግሥ ስለሆነ «አም» አያስፈልገውም።

በመጨረሻም ጥምር ግሦች አሉ። «ሉክ» ማየት ነው፤ «ሉክ አፍተር» ግን መንከባከብ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው። ፈተና ላይ «ሀንድ ኢን» ሲባል «አስረክቡ» ማለት ነው። ይሄ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ። «አለ» ማለት «ተናገረ» አይደል? «ቁጭ አለ» ስንል ግን ማንም አልተናገረም። ሁለት ቃል አንድ ግሥ ሆነ። ስለዚህ ጥምር ግሥን ሳትከፋፍሉ እንደ አንድ ቃል ያዙት።

ጊዜን የሚለውጥ አንድ ቃል

አሁን ወደ ተማሪያችን ማመልከቻ እንመለስ። «አይ ሊቭድ ኢን ዚስ ካምፕ ፎር ናይን ይርስ» ማለት «በዚህ ካምፕ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ነበር፤ አሁን ግን አልኖርም» ማለት ነው። ሊለው የፈለገው «አይ ሀቭ ሊቭድ» ነበር፤ ያኔ «እስከ አሁንም እዚሁ ነኝ» ይሆናል። የጎደለችው ግሥ «ሀቭ» ናት።

ክሊኒክም ስትሄዱ እንዲሁ ነው። «ማይ ቻይልድ ሀዝ ኤ ፊቨር» ማለት ልጄ አሁን ትኩሳት አለው ነው። «ማይ ቻይልድ ሀድ ኤ ፊቨር» ካላችሁ ግን ነርሷ ትኩሳቱ እንደለቀቀው ልትረዳ ትችላለች። ልዩነቱ የአንድ ድምፅ ነው፤ ጣጣው ግን የአንድ ድምፅ አይደለም።

በተቃራኒው «ሀቭ» የማይገባበት ቦታ አለ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» እንላለን፤ ምንም ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን ያለፈ ቁርጥ ያለ ጊዜ ከተጠራ (ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ2015) «ሀቭ» ይወጣል፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ብቻ ነው። «ሲንስ» ካለ ግን ይመለሳል፤ «አይ ሀቭ ቢን ሂር ሲንስ 2015»።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። በስደተኝነት ጉዳይ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። እንግሊዝኛችሁን ለማሳየት ብላችሁ የሕይወታችሁን ታሪክ ለአደጋ አታጋልጡ። የተጻፈው ቃላችሁም እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ሲነበብ ደግሞ ጆሯችሁን ለነዚያ ትንንሽ ግሦች ስጡ፦ ዎዝ ነው ወይስ ኢዝ? ሀድ ነው ወይስ ሀዝ? ሊቭድ ነው ወይስ ሀቭ ሊቭድ?

ለመምህራን

መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ በሆነበት፣ በክፍሉም ከመቶ በላይ ልጅ በተቀመጠበት ሁኔታ እነዚህን ያለ ምንም ወጪ መሞከር ይቻላል።

ሀ. አሥራ ሁለቱን ረዳት ግሦች በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ተማሪ ሲሳሳት መልሱን ከመናገር ይልቅ ወደ ካርቶኑ አመልክቱ።

ለ. አንድ ረጅም የአማርኛ ግሥ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ «አልሰጠኋትም»፣ «አላየናቸውም»። ተማሪዎች በስንት የእንግሊዝኛ ቃል እንደሚወጣ ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደተሸከመም ይናገሩ። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ዐረብኛ የሚናገሩ ተማሪዎች ካሉ በየቋንቋቸው ያምጡ። ብዙ ትማማራላችሁ።

ሐ. በየጠዋቱ ለአምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ተማሪ ለጎረቤቱ ትናንት ያደረገውን አንድ ነገርና ያላደረገውን አንድ ነገር ይንገር። «አይ ዌንት»፣ «አይ ዲድ ኖት ጎ»። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነገሩ ሕጉ ሳይብራራ ይገባቸዋል።

ራሳችሁን ፈትኑ

የሚከተሉትን አርሙ፦

1. አይ ዲድ ኖት ሶው ሂም።
2. ሺ ካን ስፒክስ አራቢክ።
3. አይ አም አግሪ ዊዝ ዩ።
4. ዌር ሂ ዌንት?
5. አይ ሀቭ ሲን ሂም የስተርደይ።
6. ቱሞሮ ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ። («ነገ ወደ ክሊኒክ እሄዳለሁ» ለማለት)

መልስ፦ 1. አይ ዲድ ኖት ሲ ሂም። 2. ሺ ካን ስፒክ አራቢክ። 3. አይ አግሪ ዊዝ ዩ። 4. ዌር ዲድ ሂ ጎ? 5. አይ ሶው ሂም የስተርደይ። 6. ቱሞሮ አይ ዊል ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ።

ስድስቱንም ካገኛችሁ በርቱ፤ ለጎረቤታችሁም አስረዱ። ሦስት ካገኛችሁም አትዘኑ፤ ጽሑፉን መልሳችሁ አንብቡት።

ተማሪያችን ደብተሩን አልጣለውም። እኔም ጣለው አላልኩትም፤ የተለፋበት ነገር ነው። ግን ከኋላ ገልብጦ በመጨረሻው ገጽ ላይ 12 ቃላት ብቻ ጻፈ። አሁን የሚያጠናው ከዚያ ተነስቶ ነው፤ አዲስ ግሥ ባገኘ ቁጥር ከእነዚያ ከ12ቱ ጋር እያጣመረ ዓረፍተ ነገር ይሠራበታል። ማመልከቻውንም አስተካክሎ እንደገና ጽፎታል፤ «አይ ሀቭ ሊቭድ» ብሎ።

መልካም ጥናት!